ያየ ይመስክር

(ሕፃናት ከወፍ ጎጆ ስለሚያገኙት ትምህርት ለመምህራን የተደረገ ንግግር)



በኢትዮጵያ የሽማግሌ ዳኝነት ምስክር ሲቀርብ በቅድሚያ የሚጠየቀው ጥያቄ አጭር ነው፤ ይኸውም «አይተሃል ወይስ ሰምተሃል?» የሚል ነው። ያየ ይመሰክራል፤ የሰማ ግን ከማን እንደ ሰማ ይናገራል እንጂ እንዳየ ሰው ሆኖ አይቀርብም። በዛፍ ጥላ ሥር የተቀመጡት ሽማግሎች ፊደል ያልቈጠሩ እንኳ ቢሆኑ ይህን ልዩነት ጠንቅቀው ያውቁታል። ታዲያ ፊደል ቈጥሮ፣ መጽሐፍ አንብቦ፣ ፈተና አልፎ ከትምህርት ቤት የሚወጣው ልጅ ይህን ልዩነት ያውቃልን? መጽሐፉ «ወፍ ጎጆ ትሠራለች» ሲል ልጁም «ወፍ ጎጆ ትሠራለች» ብሎ ይጽፋል፤ ከአሥርም አሥር ያገኛል። ወፊቱን ግን አላያትም። ጎጆው በምን እንደሚታሰር፣ በስንት ቀን እንደሚያልቅ፣ ሠሪው ወንዱ ይሁን ሴቷ አልጠየቀም። እንግዲህ ይህ ልጅ የመሰከረው ሳያይ ነው፤ ሙሉ ነጥብ የተሰጠውም ሳያይ በመመስከሩ ነው።

ስለ ወፍ ጎጆ መናገር ለትልልቅ ሰዎች ጉባኤ የሚያንስ ጕዳይ መስሎ ይታይ ይሆናል። ሆኖም ዐይንን ከነገር ላይ ማሳረፍ፣ ያዩትን ካላዩት መለየት፣ የሚያጠፉት ነገር በእጅ ሳለ እጅን መሰብሰብ፣ እነዚህ ሦስቱ ለዳኛም፣ ለሐኪምም፣ ለገበሬም የሚያስፈልጉ ጠባዮች ናቸው። በቃል ትምህርት ብቻ አይገኙም፤ ጓሮ ላይ በተንጠለጠለ ጎጆ ግን ይገኛሉ።

ለዚህ ምሳሌ ትሆን ዘንድ የተመረጠችው ከተማ ናይሮቢ ናት። የተመረጠችበትም ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛው ምክንያት ናይሮቢ ለኢትዮጵያ ደጋ ከተሞች የቀረበ ጠባይ ያላት መሆኗ ነው። ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,700 ሜትር ከፍታ ላይ የተቈረቈረች ናት፤ ስሟም በማሳይ ቋንቋ ቀዝቃዛ ውሃ ማለት ከሆነው ቃል የመጣ ነው። በ1899 ዓ.ም. የባቡር ሐዲድ ማረፊያ ሆና ተመሠረተች፤ (በዚህ ንግግር የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው)። በ2019 ዓ.ም. በተደረገው ቈጠራ ነዋሪዋ ከ4 ሚሊዮን በላይ ሆኖ ተገኝቷል። ይህን ያህል ሕዝብ ይዛም ወፎቿን ከጓሮዋ አላባረረችም።

ሁለተኛው ምክንያት የተፈጥሮን ዕውቀት ከመጽሐፍ ብቻ ሳይሆን ከሜዳ መፈለግ በዚያች ከተማ የቆየ ልማድ መሆኑ ነው። የምሥራቅ አፍሪካ የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር በ1909 ዓ.ም. ተመሠረተ፤ በ1930 ዓ.ም. ኮሪንደን ተብሎ የተከፈተው ቤተ መዘክር ዛሬ የናይሮቢ ብሔራዊ ቤተ መዘክር ነው፤ በከተማዪቱ ጠርዝ ያለው ብሔራዊ ፓርክም በ1946 ዓ.ም. ተከለለ። ወደ ትምህርት ቤት የሚያደርሰው መንገድ ደግሞ በ1968 ዓ.ም. የኬንያ የዱር አራዊት ክበቦች ማኅበር ሲቋቋም ሰፋ፤ ክበቦቹም በአገሪቱ ትምህርት ቤቶች ተስፋፉ። በ1971 ዓ.ም. ፍለር ንግዌኖ በየሳምንቱ ረቡዕ ጧት ወፍ ለማየት የሚደረገውን የእግር ጉዞ መምራት ጀመሩ፤ ጉዞውም ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ዘለቀ። የተፈጥሮ ታሪኩ ማኅበር የጎጆ መዝገብ ካርድም አሰናድቶ ነበር፤ ጎጆ ያገኘ ሰው ቀኑን፣ ቦታውን፣ የእንቍላሉንና የጫጩቱን ቍጥር በካርዱ ላይ ይሞላ ነበር። የካርዱ ትእዛዝ የሽማግሎቹ ትእዛዝ ነው፤ ያየኸውን ጻፍ፤ ያላየኸውን ተው።

በናይሮቢ ጓሮዎች ጎጆአቸው ለልጅ ዐይን ቅርብ ከሆኑት ወፎች ዋነኞቹ ሸማኔ ወፎች ናቸው። ከነዚህ አንዱ ከሰው ጋር የተላመደ፣ ሆዱ ቢጫ የሆነ ወፍ ነው፤ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ይኖራል፤ ምግብ ከሚበላበት ገበታ ላይ እንኳ ፍርፋሪ ለመልቀም ይደፍራል። ሌሎቹ ግን በማኅበር ይሠራሉ፤ በአንድ ግራር ላይ ብዙ ጎጆዎች እንደ ፍሬ ተንጠልጥለው ይታያሉ። ከነዚህም መካከል ወንዱ ቢጫ ሆኖ ራሱ የጠቈረው፣ ዐይኑም ቀይ የሆነው፣ የመንደር ሸማኔ የሚባለው ወፍ ይገኛል።

የዚህ ወፍ ሥራ እንደ ሰው ሸማኔ ሥራ ነው ቢባል ውሸት አይሆንም። ልዩነቱ፣ ሰው ድርና ማግ፣ መወርወሪያና ዐሥር ጣት አለው፤ ወፉ ግን ያለው መንቁርና እግር ብቻ ነው። ወንዱ የረጅም ሣር ወይም የዘንባባ ቅጠል ጠርዝ በመንቁሩ ይነክሳል፤ ነክሶም ሲበር ቅጠሉ በቀጭኑ ይተረተርለታል፤ ክሩ ይህ ነው። ክሩን በእግሩ ቅርንጫፍ ላይ ረግጦ፣ በመንቁሩ እያሾለከና እየጠመዘዘ ይቋጥረዋል። በመጀመሪያ የሚሠራው ቀለበት ነው። በቀለበቱ ላይ ቆሞ መንቁሩ እስከ ደረሰበት ድረስ ወደ ፊት ሲሠራ የእንቍላሉ ክፍል ይወጣል፤ በሌላው በኩል ደግሞ መግቢያውን ወደ ታች አዙሮ ይሠራል። ስለዚህ የጎጆው ስፋት የሚለካው በሠሪው አካል ነው። ጎጆው ሲያልቅ ወንዱ ከመግቢያው ሥር ተንጠልጥሎ ክንፎቹን እያራገበ ሴቶቹን ይጠራል። ሴቲቱ ትመጣለች፤ ትገባለች፤ ውስጡን በመንቁሯ እየጐተተች ትመረምራለች። ከወደደችው ለስላሳ ሣርና ላባ አምጥታ ትነጥፍበታለች፤ ካልወደደችው ትታው ትሄዳለች። «ጎጆ መውጣት» የሚለው የአማርኛ አነጋገር ለዚህ ወፍ የተነገረ ይመስላል።

አሁን በናይሮቢ ዳር ያለ አንድ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በምሳሌ ይታሰብ። ከወጥ ቤቱ ጀርባ አንድ ግራር አለ። በመጋቢት ወር ዝናሙ ሲጀምር ራሰ ጥቁሮቹ ሸማኔዎች በግራሩ ላይ ሥራ ይጀምራሉ። የአራተኛው ክፍል መምህር አርባ ልጆች አሉት፤ አጕልቶ የሚያሳይ መነጽር የለውም፤ ለዚህ ጕዳይ የተመደበ ገንዘብም የለውም። ያለው አንድ ገመድና አንድ ደብተር ነው።

ገመዱን ከግራሩ ግንድ ዐሥራ አምስት እርምጃ አርቆ መሬት ላይ ዘረጋና «ከዚህ ወዲያ የሚያልፍ የለም» አለ። በደብተሩ ገጽ መካከል መስመር አሰመረ፤ በቀኝ በኩል «ያየሁት»፣ በግራ በኩል «የገመትሁት» ብሎ ጻፈ። ግራሩን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሥሎ ለጎጆዎቹ ቍጥር ሰጣቸው። ከዚያ በኋላ ልጆቹ በየጧቱ አምስት አምስት እየሆኑ በተራ ለዐሥር ደቂቃ ከገመዱ ወዲህ ይቆሙ ጀመር።

በመጀመሪያው ቀን አንድ ልጅ በቀኙ ዐምድ «ወፊቱ ደስ ብሏት ትዘፍናለች» ብሎ ጻፈ። መምህሩ «መዝፈኗን ሰምተሃል፤ ደስታዋን በምን ዐየኸው?» አለው። ልጁ አሰበና «ደስ ብሏት» የሚለውን ቃል ወደ ግራው ዐምድ አዛወረ። በሦስተኛው ቀን ሌላዪቱ ልጅ «እናትየዋ ጎጆ ትሠራለች» ብላ ጻፈች፤ ጓደኞቿ ግን የሚሠራው ራሰ ጥቁሩ መሆኑን፣ መልኳ የደበዘዘው ወፍ መጥታ እያየች ብቻ እንደምትሄድ ተከራከሯት። መጽሐፍ ተገልጦ እንዲፈረድ የጠየቀ ልጅ ነበረ፤ መምህሩ ግን ወደ ግራሩ መለሳቸው። በሳምንቱ መጨረሻ ሠሪው ወንዱ መሆኑን ማንም ሳይነግራቸው ዐወቁ።

በዘጠነኛው ቀን ጧት አራተኛው ጎጆ ከቦታው ታጣ። ቡናማ የሆነ ብጥስጣሽ ሣር ከግራሩ ሥር ተበትኖ ተገኘ። ልጆቹ ተቈጡ። ከእነርሱም አንዱ «አትክልተኛው ነው! ትናንት በረጅም ዘንግ ቅርንጫፍ ሲመታ አይቼዋለሁ» አለ። ሁለተኛው «እኔም አይቻለሁ» አለ። ሦስተኛው፣ አትክልተኛው ወፎቹ ግቢውን አቈሸሹት ብሎ ሲያማርር መስማቱን ተናገረ። ሦስት ምስክር ተገኘ፤ ነገሩም ያለቀ መሰለ። አትክልተኛው ሸምገል ያለ ሰው ነው፤ ልጆቹ በስዋሂሊ ቋንቋ ታላቅ ሰው ሲከበር እንደሚባለው «ምዜ» እያሉ ይጠሩታል። በዚያ ጧት ግን «ምዜ» ያለው አልነበረም።

መምህሩም ቢሆን በልቡ የልጆቹን ቃል አምኖ ነበር። ለርእሰ መምህሩ ሊናገር እግሩን አንሥቶም ነበር። ነገር ግን ደብተሩ በእጁ ነበረና ልጆቹን ወደ መስመሩ መለሳቸው። «ዘንግ ሲሰነዝር አየሁ ያልኸው ጎጆውን ሲመታ ነው?» ብሎ የመጀመሪያውን ልጅ ጠየቀው። ልጁ ዝም አለ። «እንግዲያው ያየኸውን በቀኝ፣ የገመትኸውን በግራ ጻፍ» አለው። ልጁ ብዙ ካሰበ በኋላ በቀኝ «ምዜ በዘንግ ቅርንጫፍ ሲመታ ነበር» ብሎ፣ በግራ «ጎጆውን ያፈረሰው እርሱ ነው» ብሎ ጻፈ። «እኔም አይቻለሁ» ያለው ሁለተኛው ልጅ እርሳሱን ይዞ ቆየ፤ በቀኙ ዐምድ ግን የሚጽፈው አላገኘም።

በማግሥቱ ጧት ጥበቃው ቀጠለ። በሦስተኛው ቀን ከሰባተኛው ጎጆ ላይ ራሰ ጥቁሩ ወፍ ተንጠልጥሎ ታየ። ልጆቹ የሚሠራ መስሏቸው ነበር፤ ነገር ግን የቋጠረውን ይፈታ ነበር። አንዱን ክር በመንቁሩ ይስብና ይጥላል፤ ሌላውን ይስብና ይጥላል። ከዛፉ ሥር ሰው አልነበረም፤ ዘንግም አልነበረም። ጎጆው እየተበተነ ሲወርድ ከገመዱ ወዲህ የቆሙት አምስት ልጆች ድምፅ አላሰሙም።

ነገሩ በሊቃውንት ዘንድ የታወቀ ነው። የመንደር ሸማኔ ሴቲቱ የምትወደው አዲሱንና አረንጓዴውን ጎጆ ነው። አንድ ሳምንት ያህል ቆይቶ ሴት ያልገባችበት ጎጆ ደርቆ ቡናማ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ወንዱ ራሱ አፍርሶ በቦታው ሌላ ትኵስ ጎጆ ይጀምራል። መምህሩ ይህን ሲያስረዳ ልጆቹ በአንድ ቃል «ስለዚህ አራተኛውንም ያፈረሰው ወፉ ነው!» አሉ። አንዲት ልጅ ግን እጇን አነሣችና «ሰባተኛውን ሲያፈርስ አይተናል፤ አራተኛውን ማን እንዳፈረሰው ግን ማንም አላየም» አለች።

በዚያ ዓመት በዚያ ክፍል ከተነገረው ቃል ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው። በደብተሩም እንዲህ ተብሎ ተጻፈ፤ በቀኝ «አራተኛው ጎጆ ፈርሶ ተገኘ»፣ በግራ «ምናልባት ወፉ ራሱ አፍርሶት ይሆናል»። አትክልተኛው ከክሱ የወጣው ንጹሕነቱ ስለ ተረጋገጠ አይደለም፤ የከሰሰው ሰው ሁሉ ያላየ ስለ ሆነ ነው። ሕግ በሚገባ የሚሠራበት አገር ሰው ነፃ የሚወጣው እንዲህ ነው። ልጆቹ ሄደው «ምዜ፣ ሳናይ አምተንዎታልና ይቅር ይበሉን» ባሉት ጊዜ ሽማግሌው ሳቀ፤ «ወፉ ሴት ያልገባችለትን ጎጆ ሲያፈርስ ስንት ዓመት አይቻለሁ፤ የጠየቀኝ ሰው ግን የለም» አላቸው።

እንግዲህ ከዚህ ምሳሌ የሚገኘው የመጀመሪያው ትምህርት የምስክርነት ትምህርት ነው። የግራው ዐምድ የስሕተት ዐምድ አለመሆኑን መምህራን ልብ ማለት ይገባቸዋል። ግምት የጥያቄ ዘር ነው፤ ግምት የሌለው ተማሪ ነገ ምን እንደሚመለከት አያውቅም። ነውሩ መገመት ሳይሆን የገመቱትን እንዳዩት አድርጎ መናገር ነው። ከግራ ወደ ቀኝ መስመሩን የሚሻገር ቃል ሁሉ መሻገሪያውን በጥበቃ መክፈል አለበት።

ሁለተኛው የትዕግሥት ትምህርት ነው። «ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለውን ምሳሌ የማያውቅ ኢትዮጵያዊ ልጅ የለም፤ በስንት ቀን እንደሚሄድ የቈጠረ ግን ጥቂት ነው። የመንደር ሸማኔ እንቍላል ለመፈልፈል ዐሥራ ሁለት ቀን ያህል ይፈልጋል፤ ጫጩቱም ለመብረር ሦስት ሳምንት ያህል ይቆያል። ጎጆው ክዳን ያለው ስለ ሆነ ልጆቹ ውስጡን አያዩም። ነገር ግን እናትየዋ ለረጅም ጊዜ ውስጥ ስትቆይ «ታቅፋ ይሆናል» ብለው በግራ ይጽፋሉ፤ ከዚያ በኋላ ትል በመንቁሯ ይዛ ስትመላለስ «ትል ይዛ ገባች» ብለው በቀኝ ይጽፋሉ፤ በሁለቱ መካከል ያለውንም ቀን ይቈጥራሉ። በሰዓት ስንት ጊዜ እንደምትመላለስ መዝግበው በሠንጠረዥ ሲያወጡት ሒሳብ ሆነ፤ ያዩትን በዐረፍተ ነገር ሲያወጡት ድርሰት ሆነ፤ ጎጆውን ሲሥሉት ሥዕል ሆነ።

ሦስተኛው እጅን የመሰብሰብ ትምህርት ነው። ልጅ የወደደውን ነገር መያዝ ይፈልጋል፤ ጎጆ ግን የተያዘ ጊዜ ይጠፋል። ስለዚህ ገመዱ ከደብተሩ ያላነሰ መምህር ነው። ቅርንጫፍ ጐንበስ አድርጎ ማየት፣ ልጅን አንሥቶ ወደ ጎጆው ማስጠጋት፣ ቅጠሉን ገልጦ መንገድ ማበጀት አይገባም፤ ሰው የከፈተው መንገድ ለድመትና ለእባብም መንገድ ነውና። ወፊቱ ምግብ በመንቁሯ ይዛ ሳትገባ በቅርንጫፍ ላይ ከቆየች ተመልካቹ ቀርቧታል ማለት ነው፤ ወዲያው ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። በዚህ ሥርዓት የኖረ ልጅ ኃይሉን ሳይጠቀምበት መቆየትን ይማራል፤ ይህም ለሥልጣን የሚያዘጋጅ ትምህርት ነው።

ጎጆ ሁልጊዜ ደስታ ብቻ አያሳይም። ነፋስ ጫጩት ይጥላል። ዲድሪክ የሚባለው አረንጓዴ ክንፍ ያለው የኩኩ ወገን እንቍላሉን በሸማኔ ወፍ ጎጆ ውስጥ ጥሎ ይሄዳል፤ ልጁን ሌላ እንድታሳድግለት ነው። ሸማኔዪቱም ያለ መከላከያ አልቀረችም። የእያንዳንዷ ሴት እንቍላል የራሱ ቀለምና ነጠብጣብ አለው፤ የአንዷ ነጭ ሲሆን የሌላዪቱ ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ ነው፤ ስለዚህ የራሷን የማይመስለውን ለይታ አውጥታ ትጥለዋለች። ከዛፉ ሥር የተሰበረ እንቍላል ያየ ልጅ «ለምን?» ብሎ ይጠይቃል። መምህሩ ነገሩን በጣፋጭ ተረት መሸፈን የለበትም፤ የሚያውቀውን ይንገረው፤ የማያውቀውንም «ይህን አላውቅም፤ አብረን እንጠብቅ» ይበለው። መምህር «አላውቅም» ሲል የሰማ ልጅ ክብሩን አይቀንስበትም፤ ቃሉን ግን ከዚያ በኋላ የበለጠ ያምነዋል።

በዚህ ነገር ላይ የሚነሡ ተቃውሞዎች አሉ፤ ሊናቁም አይገባም። የመጀመሪያው የፈተና ነገር ነው፤ «ጊዜ የለም፤ የወፍ ጎጆ በፈተና አይመጣም» ይባላል። ለዐሥር ደቂቃ የሚሆን ጊዜ ግን በየትም ትምህርት ቤት አይታጣም። ኬንያ በ2017 ዓ.ም. ይፋ ባደረገችው ሥርዓተ ትምህርት ቃልን ከመሸምደድ ይልቅ ችሎታን ለማስቀደም፣ ለታችኞቹም ክፍሎች አካባቢን የሚመለከት የትምህርት ዘርፍ ለመስጠት ወስናለች። መጽሐፍ ተለውጦ መርማሪው ካልተለወጠ ግን መምህሩ ወደ ቀድሞ ልማዱ ይመለሳል። ስለዚህ የትምህርት ባለሥልጣን ክፍል ሊጐበኝ ሲገባ የልጆቹን ደብተር አስመጥቶ አንድ ጥያቄ ይጠይቅ፤ «በዚህ ወር ከግራው ዐምድ ወደ ቀኙ የተሻገረው ምንድን ነው?» ይበል። መልስ የሚያገኝበት ክፍል ሥራ ያለበት ክፍል ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ የቦታ ነገር ነው፤ «በከተማ ውስጥ ዛፍ የለም» ይባላል። በናይሮቢ በመኪና በተጨናነቀው የኒያዮ ስታዲየም አደባባይ አጠገብ ባሉት ግራሮች ላይ ማራቡ የሚባሉት ቁመተ ረጃጅም ትልልቅ ወፎች ጎጆ ሠርተው ሲኖሩ መንገደኛው ሁሉ በሥራቸው ያልፋል። ከትምህርት ቤት ጣራ ሥር ድምቢጥ፣ ከአጥር ላይ ርግብ የማይገኝበት ከተማ የለም። የጠፋው ጎጆ ሳይሆን ቀና ብሎ የሚያይ ዐይን ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከገጠር የሚመጣ ነው፤ ከሁሉም የከበደው ይህ ነው። በኢትዮጵያ የማሽላ ማሳ ላይ ስንት ልጅ ወንጭፉን ይዞ ከማማ ላይ ቆሞ ይውላል! ግሪሳ የሚባለው ወፍ ራሱ ከሸማኔ ወፎች ወገን ነው፤ መንጋው የወረደበት ማሳ የቤተ ሰቡ የዓመት እንጀራ ነው። እንዲህ ላለው ልጅ ስለ ወፍ ፍቅር መስበክ በረኃብተኛ ፊት ስለ ጾም እንደ መስበክ ይሆናል። ነገር ግን ማንም ሳይሰብክለት ይህ ልጅ ከከተማው ልጅ ይልቅ ተመልካች ነው። የትኛው ወፍ እህል እንደሚበላ፣ በስንት ሰዓት እንደሚመጣ፣ እሸት ይሁን የጐመራ እንደሚመርጥ ያውቃል። መምህሩ ደብተሩን ይስጠውና ያየውን ይመስክር። እህል የሚበላው ሸማኔ ጫጩቶቹን የሚያሳድገው በአብዛኛው በትልና በነፍሳት መሆኑን ራሱ ቢያየው፣ የትኛውን ወፍ እንደሚያባርርና የትኛውን እንደሚተው በዕውቀት ይወስናል። እንደ ናይሮቢው አትክልተኛ ብዙ አይቶ ማንም ያልጠየቀው ምስክር እርሱ ነው።

ለኢትዮጵያ መምህራን ከናይሮቢ የሚመጣው ይህ ትምህርት የባዕድ ትምህርት አይደለም። በናይሮቢ ጓሮ ፍርፋሪ የሚለቅመው ያ ሆደ ቢጫ ሸማኔ በኢትዮጵያ ደጋም ይኖራል፤ ፈረንሳዊው ሊቅ ዶደን በ1802 ዓ.ም. ባግላፌክት ብሎ የሳይንስ ስም የሰጠውም ከዚሁ አገር በተገኘ ወሬ ነው። የኢትዮጵያ የዱር ሕይወትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበርም በ1966 ዓ.ም. ተመሥርቷል። ወፉም፣ ማኅበሩም፣ ግራሩም አለ። አንድ ችግር ግን አለ፤ ሸማኔ ወፎች በብዛት የሚሠሩት በዝናም ወራት ነው፤ በኢትዮጵያ ደግሞ ክረምት ሲገባ ትምህርት ቤት ይዘጋል። ይህም ችግር ለብልኅ መምህር በረከት ይሆንለታል። በሰኔ ልጆቹን ሲያሰናብት የቤት ሥራ ብሎ አንድ ደብተር በሁለት ዐምድ አስመርቶ ይስጣቸው፤ እያንዳንዱ ልጅ በየቤቱ ጓሮ አንድ ጎጆ ይምረጥ፤ በመስከረምም ያየውን ይዞ ይምጣ። አርባ ልጅ አርባ ጓሮ አለው፤ አርባ ጓሮ ያለው ቤተ ሙከራ ደግሞ በየትም አይገኝም።

የመጨረሻው ነገር የሚመለከተው መምህራን የሚሠለጥኑባቸውን ትምህርት ቤቶች ነው። ኒኮላስና ኤልሲ ኮልያስ የተባሉት አሜሪካውያን ባልና ሚስት የመንደር ሸማኔን ለብዙ ዓመታት መርምረው በ1964 ዓ.ም. አንድ ታላቅ ነገር አስታወቁ። ወጣቱ ወንድ ወፍ ገና ባልበሰለበት ዘመን ሣር እየበጠሰ፣ እየቋጠረ፣ የቋጠረውም እየተፈታበት ይለማመዳል፤ የመጀመሪያ ሥራዎቹ የተንሻፈፉ ናቸው። ሣርና ቅጠል ተከልክለው ያደጉ ወጣት ወፎች ግን በኋላ ሣሩ ሲሰጣቸው ሥራቸው ከእኩዮቻቸው እጅግ አንሶ ተገኘ። በደሙ ሸማኔ የሆነው ወፍ እንኳ ካልተለማመደ ሸማኔ አይሆንም። ታዲያ ስለ ምልከታ በንግግር ብቻ የሰማ ዕጩ መምህር እንዴት አድርጎ ልጆችን ማስተማር ይችላል? ለሥልጠና የገባ መምህር ሁሉ ከመመረቁ በፊት ቢያንስ አንድ ወር አንድ ጎጆ ይጠብቅ፤ ደብተሩም እንደ ፈተና ወረቀቱ ይታይለት። በመጀመሪያው ሳምንት የቀኙ ዐምድ በግምት ይሞላበታል፤ ማፈሩም አይቀርም። ያ የተንሻፈፈ የመጀመሪያ ጎጆው ነው፤ ያፍርሰውና እንደገና ይጀምር።

«ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይባላል፤ ከመማርም ማየት ይቀድማል። ገመዱ ርካሽ ነው፤ ደብተሩም አንድ ነው፤ ግራሩ ላይ ያለው ሸማኔ ደመወዝ አይጠይቅም። በሚመጣው ክረምት ይህ ነገር በአንድ ትምህርት ቤት እንኳ ቢሞከር፣ በመስከረም «አይተሃል ወይስ ሰምተሃል?» ተብሎ ሲጠየቅ ሳያፍር የሚመልስ አንድ ልጅ ይገኛል።